ካሜራ ውስጥ የማይገባው ቆሻሻ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ሞጣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ከጓሮዋ ጉድጓድ ቀድታ ውሃ በጣሳ ሰጠችኝ። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ ነው። «ደህና ነው ግን?» አልኳት። «ኧረ ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ስንጠጣው ምን ሆንን?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ጠጣሁ። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለማ!

ስለ ቆሻሻ ስናወራ የምናወራው ስለሚታየው ነው። ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ መንገድ ዳር የተከመረ ፌስታል ካየን ስልክ አውጥተን ፎቶ እናነሳለን፣ ቲክቶክ ላይ እንለቃለን። ጥሩ ነው። ከባዱ ነገር ግን ካሜራ ውስጥ አይገባም። ዝናብ በቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲያልፍ የበሰበሰውንም፣ ከአሮጌ ባትሪ የወጣውንም አጥቦ ጥቁር ፍሳሽ ይሆናል። ከሥር የሚያግደው ከሌለ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል።

«የኛ መሬት ዋልካ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። የቢቸና ዙሪያ ጥቁር አፈር ሲርስ ይዘጋል። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብም በስንጥቁ ይገባል። ታዲያ ውሃው ከመሬት በታች ወዴት ይሄዳል? ከላይ ቆሞ በማየት አይታወቅም።

የሚታወቀው በመለካት ነው። ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ይቆፈሩና በእያንዳንዱ ያለው የውሃ ከፍታ ይለካል። ውሃ ከከፍታው ወደ ዝቅታው ስለሚሄድ አቅጣጫው ይወጣል። የስልካችሁ ጂፒኤስ ለዚህ አይበቃም፤ ከፍታ ላይ በሜትሮች ይሳሳታል፤ የቀያሽ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከዚያ ቆሻሻው ጋ ከመድረሱ በፊትና ካለፈ በኋላ ያለው ውሃ በየጊዜው ይመረመራል፦ ጨው፣ አሞኒያ፣ ናይትሬት። ከታች ያለው ከላይኛው እየበለጠ ከመጣ ቆሻሻው እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ልኬቱ ደግሞ የመጀመሪያው መኪና ቆሻሻ ሳይደፋ መጀመር አለበት። የመነሻ ቁጥር ከሌለ ኋላ ማን ማንን ይጠይቃል?

«አፍልተን እንጠጣለና» አይሠራም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬት አያስወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ሲያልፍ በተለይ ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናትን ያሰጋል።

አዲስ አበባ የሆነውን አንርሳ። የቆሼ ምትክ ተብሎ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን አለቁ ብለው ተነሱ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለእኔ ትምህርቱ ይህ ነው፦ ገበሬው ራሱ አይቶ የሚያምነው ቁጥር በሌለበት፣ የትም ቦታ የሚሠራ ማስወገጃ ዕድሜ አይኖረውም።

ገንዘብ ከየት ይምጣ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ሦስት ጉድጓድ መቆፈር ርካሽ ነው አልልም። የተበከለን የከርሰ ምድር ውሃ ማጽዳት ግን አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ የከተማ ቆሻሻ ማስወገጃ ከተዘጋ በኋላ እንኳ በመደበኛው 30 ዓመት ክትትል ይደረግበታል። በእኛም አገር የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 አዲስ ማስወገጃ ከመሠራቱ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግ አዝዞ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም።

ስለዚህ የቢቸናና የሞጣ ልጆች፣ ፎቶውን አታቁሙ፤ ግን ጥያቄ ጨምሩበት። የከተማችሁን አስተዳደር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የክትትል ጉድጓዶቹ የት ናቸው? ውሃው ወዴት ይፈሳል? የመጨረሻው ውጤት ስንት ነበር? መልሱ በከተማው ቴሌግራም ቻናል ላይ ቢያንስ በዓመት ሁለቴ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ ይለጠፍ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አክስቴ አሁንም ከጉድጓዷ ትቀዳለች። በሚቀጥለው ስሄድ «ምን ሆንን?» ስትለኝ ቁጥር ላሳያት እፈልጋለሁ።