ድንኳን የጠላች እናት

«ቤት እያለኝ ለምን ሜዳ ላይ አድራለሁ?» በማለት ከባለቤቴ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ተከራክሬአለሁ። ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ልጆቻችን ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ከትምህርት ቤት በወጡ ጊዜ ነው። ባለቤቴና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ መኪና ተከራይተው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ከደራ እስከ ባሌ ተራሮች ለመጓዝና ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር ወስነው ኖሯል።

ለእኛ ለደራ ሰዎች ሽርሽር ማለት ሶደሬ ወርዶ፣ በፍል ውሃ ታጥቦ፣ ማታ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሳምንቱን በሥራ ለምታሳልፍ እናት ስንቅ ማሰናዳት፣ ልብስ መቋጠር፣ በመጨረሻም መሬት ላይ መተኛት እንዴት ዕረፍት ይሆናል? ሆኖም የልጆቼ ልመና አሸነፈኝ። ስሄድም አንድ ውል አስገባሁ፤ ማብሰሉም ማጠቡም ለወንዱም ለሴቱም በተራ ይሆናል። ውሉ ተከብሯል፤ ባለቤቴ ያን ጊዜ የቀላው ሽሮ ዛሬም ድረስ በቤታችን ያስቀናል።

በሶውን፣ ጩኮውንና ድርቆሹን ጭነን በኢተያና በአሰላ አድርገን፣ የጭላሎን ተራራ በግራ ትተን ወጣን። በቆጂን ካለፍን በኋላ ሜዳው እየሰፋ፣ ቤቱ እየሳሳ ሄደ። በአሳሳ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ስንጓዝ ወንዱም ሴቱም ብርድ ልብስ ተከናንበው በፈረስ ሲያልፉ ልጆቹ ከመስኮት አልነቀል አሉ። ሲመሻሽ ከብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ከዲንሾ ደረስን።

የደራ ከፍታ 1,700 ሜትር ገደማ ሲሆን የዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በጥር ደግሞ የቀኑን ሙቀት የሚይዝ ደመና ስለማይኖር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤላቸው እንኳ ትንሹ ልጄ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ያን ጊዜ ቡና ያፈላንበት ማንደጃ ትዝ አለኝ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ደምቋል። አንስቼ ወደ ድንኳኑ ሳስገባ አብረውን የነበሩት አዛውንት መንገድ መሪ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይህ ከድንኳን አይገባም» አሉኝ።

«አባባ፣ ጭሱ እኮ አልቋል።»

«የሚገድለው የማይታየው ነው» ብለው ማንደጃውን ከእጄ ወሰዱት።

እውነታቸውን ነበር። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፤ አይሸትም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረው፣ ሲያቅለሸልሸው ይሸሽ ይሆናል፤ የተኛ ግን ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ፍሙ ቀይ መሆኑ ከዚህ አያድንም።

አዛውንቱ ሌላ ዘዴ አሳዩን። ብርዱ ይበልጥ የሚገባው ከመሬት ስለሆነ አንዱን ብርድ ልብስ ከላይ አንሥተን ከሥር አነጠፍነው፤ ከእሱም በታች የገብስ ጭድ ጎዘጎዝን። ልጆቹ ቀን የለበሱትን ላብ የነካው ልብስ ለውጠው ደረቅ ለበሱ። ፍል ውሃ በኮዳ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከእግራቸው ሥር አኖርን። ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ግን ማንደጃው ገብቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስኪነጋ ስቆጥራቸው አደርሁ።

ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ የደጋ አጋዘኖች ከድንኳናችን አጠገብ ሲግጡ አየን። በማግሥቱ ወደ ሳነቴ አምባ ወጥተን ጅብራውንና አይጥ የሚያድነውን ቀይ ቀበሮ ተመለከትን። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ልጆቼ «እኛ ያደርንበት!» ብለው ጮኹ።

እናቶች ሆይ፣ ከሰል የምናነደው በድንኳን ብቻ አይደለም። በክረምት በጠባብ ክፍል፣ በአራስ ቤት፣ እርጥብ ልብስ ለማድረቅ ስንል በራችንን ዘግተን የምናነድ ብዙዎች ነን። ማንደጃ ውጭ ይቀጣጠል፤ ከመኝታ በፊትም ከቤት ይውጣ። ከሰል በነደደበት ቤት ራሱን ያመመው ሰው ቢኖር ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይወሰድ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይድረስ።

ድንኳን ወደድሁ ብዬ አልዋሽም፤ ወገቤ ይመሰክርብኛል። ዳሩ ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ በቤቴ ማንደጃው ደጅ ሳይወጣ ማንም ወደ አልጋው አይሄድም።