የሙታኑን ቤት የሚያረጥበው የሕያዋን ቧንቧ ነው

«ሕያው ሰው ደህና ቤት አጥቶ ለሙታን መቃብር ገንዘብ ይወጣል!» የሚል ወቀሳ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ወቀሳው ለድሀ ከማሰብ የመጣ ቢሆንም አልስማማበትም። ምክንያቴን በግብፅ አገር፣ በእስክንድርያ ከተማ ባለው የኮም ኤል ሾቃፋ መቃብር ላስረዳ።

ይህ መቃብር በ2ኛው መቶ ዘመን ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ከምድር በታች ባለ ሦስት ፎቅ ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። ሰው በጠመዝማዛ ደረጃ ይወርዳል፤ አስከሬን ግን በመካከሉ ባለው ጉድጓድ በገመድ ይወርድ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ለሟቹ መታሰቢያ የሚበላበት አዳራሽም አለው። የግብፆች አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ልብስ ለብሶ በግድግዳው ተቀርጿል።

ታዲያ ይህን ቅርስ የሚያጠፋው እርጅና ነውን? አይደለም፤ ውኃ ነው። የታችኛው ፎቅ ለብዙ ዓመታት በውኃ ተውጦ ኖሯል። አለቱ ውኃውን እንደ ጨርቅ ወደ ላይ ይመጥጣል፤ ውኃው ሲተን ጨው ይቀራል፤ ጨውም ሲጠጥር የቅርጹን ፊት ይገሸልጣል። የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በተጨናነቁት ሰፈሮች ሥር ከውኃና ከፍሳሽ ቧንቧ የሚሾልከው ነው። እስክንድርያ የምትጠጣው የዓባይን ውኃ ነው። ከጣና ተነሥቶ ያን ያህል አገር ያቋረጠ ውኃ ድሀው ቤት ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ መንግሥት 5.7 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ የተሠራው የውኃ ማውረጃ ፓምፕ ተመረቀ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ቧንቧው እየሾለከ በፓምፕ ብቻ መተማመን ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው። ፓምፑ ሲቆም ውኃው ይመለሳል።

ከዚያው ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን አቡ ሚናንም እንመልከት። በአካባቢው መስኖ ምክንያት ውኃው ከፍ ብሎ ጭቃው አፈር ሲርድ፣ ከምድር በታች ያለው የቅዱሱ መቃብር እንዳይደረመስ በአሸዋ ተሞላ። ዩኔስኮ በ2001 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ ውኃውን የሚያስወግድ ሥራ ከተሠራ በኋላ በ2025 ከመዝገቡ ወጣ። ስለዚህ ችግሩ መድኃኒት አለው።

በሥራዬ ምክንያት ግድግዳቸው የሻገተ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። ቀለም ይቀባላቸዋል፤ ክረምት ሲመጣ ሻጋታው ይመለሳል፤ ቧንቧውን የሚፈትሽ ግን የለም። በሽታውም ያው፣ ስንፍናውም ያው ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ «ለሙታን ወይስ ለሕያዋን?» ተብለን ስንጠየቅ ምርጫው ውሸት መሆኑን እንወቅ። ቧንቧው ቢጠገን ከላይ ያለው ቤተሰብ ውኃውን ያገኛል፣ ከታች ያለውም መቃብር ይደርቃል። ምርቃት ላይ የሚያጨበጭብ ሁሉ «ቧንቧውስ?» ብሎ ይጠይቅ።