ስልካችን በስድስት ሰዓት ይቀድመናል

ጊዜን ለመቆጠብ ይረዳሉ የሚባሉ አፖች ዝርዝር በየቀኑ ይወጣል። ይሄን አውርዱ፣ ያንን ጫኑ፣ ሕይወታችሁ ይቀየራል ይላል። እኔም ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው፤ ግን ከወላይታ ሶዶ ሆኜ ነው የማወራው። እዚህ ደግሞ ከአፑ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ስልካችን የሚቆጥረው ሰዓትና እኛ የምንኖረው ሰዓት አንድ አይደለም። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስንል ስልኩ 7:00 ይላል። እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስንል እሱ 20:00 ወይም 8:00 ፒኤም ይላል። ልዩነቱን ሁላችንም ስለምናውቀው ቀላል ይመስለናል። ለቀጠሮና ለሻይ በእርግጥም ቀላል ነው። ለስኮላርሺፕ፣ ለሥራ ማመልከቻና ለፈተና ምዝገባ ግን ቀላል አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ውጭ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚቀበለው «እስከ ዲሴምበር 15፣ 12:00 ኤኤም» ነው ብሎ ጻፈ እንበል። ብዙ ወጣት ይህን ሲያነብ 15ኛው ቀን ሙሉውን የራሱ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ 12 ቁጥርን ሲያይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው ብሎ ይወስደዋል። እውነቱ ግን 12:00 ኤኤም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ያውም ለ15 አጥቢያ። ቀኑ ሲነጋ በሩ ከተዘጋ ቆይቷል። በእኛ ልማድ ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ስልኩ ግን ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ መሐል ነው ስንቱ የለፋበት ማመልከቻ የሚቀረው።

«23:59 ጂኤምቲ» የሚል ከሆነ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ኢትዮጵያ ከጂኤምቲ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ 23:59 ጂኤምቲ ማለት እኛ ጋ በማግስቱ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። ይሄኛው በእናንተ ላይ ሳይሆን ለእናንተ የሚያደላ ነው፤ ሦስት ሰዓት ትርፍ አላችሁ። ግን ያንን ትርፍ አትመኑበት። የመብራትንና የኔትወርክን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከሰዓቱ የባሰው ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ በእኛና በፈረንጆቹ መካከል የሰባት ዓመት ልዩነት አለ፤ ከጃንዋሪ በኋላ ስምንት ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ልደቱ ጃንዋሪ 19፣ 2005 ነው። ይህ ልጅ ኦንላይን ፎርም ላይ ሳያስተውል 1997 ብሎ ከሞላ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አርጅቷል ማለት ነው። ዕድሜ ገደብ ያለው ስኮላርሺፕ ወዲያው ይጥለዋል። አንዱ ሰነድ ላይ 1997፣ ሌላው ላይ 2005 ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ የፋይዳ መታወቂያው፣ የባንክ ደብተሩና የትምህርት ማስረጃው ስለ አንድ ሰው የሚያወሩ አይመስሉም። ያንን ለማስተካከል የሚጠፋው ጊዜ ማንኛውም የጊዜ አፕ ከሚቆጥበው ይበልጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጠቃሚ አፕ በየዝርዝሩ ላይ የማታዩት ነው፤ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ከቀን መለወጫ ጋር። ፕሌይ ስቶር ላይ በነፃ የሚወርዱ ብዙ አሉ። አብዛኞቹ ያለ ዳታ ይሠራሉ። አንዱን ምረጡና የራሳችሁን የልደት ቀን አስገብታችሁ ፈትኑት። ከዚያ ትክክለኛውን የፈረንጅ ቀን አንድ ቦታ ጻፉና ከዚያ በኋላ የምትሞሉት ፎርም ሁሉ ያንኑ ቀን ይያዝ።

ለእኛ ለወላይታዎች እንዲያውም ቀን መቁጠሪያው ሁለት ብቻ አይደለም። ጊፋታ አለን። ጊፋታ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው፤ የጨረቃን ዑደት የሚከታተሉ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው ዘመኑን ሲቆጥሩ የኖሩት። ለበዓሉ ደግሞ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ተዘጋጅቶ አይገባም። ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ተሰብስበው ሲቆጥቡ ይከርማሉ። ጊዜን ማቀድ ከውጭ የመጣ ትምህርት ነው ለሚል ሰው መልሱ ይሄ ነው። እናቶቻችን አፕ ሳይኖራቸው አሥራ ሁለት ወር ቀድመው ያቅዳሉ። እኛ ስልኩን ይዘን የነገውን ስንረሳ ማፈር ያለብን እኛ ነን።

ታዲያ ምን እንጫን? እኔ የምለው ትንሽ ጫኑ ነው። አምስት የሥራ ዝርዝር አፕ ያወረደ ሰው አምስቱንም ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። ስልካችሁ ላይ ያለው ካላንደርና የማንቂያ ደወል ለአብዛኛው ነገር ይበቃል። መኪናው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል ከተባለ ደወሉን 5:00 ኤኤም ላይ ሙሉ። 11:00 ላይ ከሞላችሁት ስልኩ የሚቀሰቅሳችሁ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ መኪናው ሻሸመኔን ካለፈ በኋላ። ለማመልከቻ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ደወል ሙሉ፤ አንዱን ሳምንት ሲቀረው፣ ሌላውን ሁለት ቀን ሲቀረው። በመጨረሻው ሌሊት ሰው ሁሉ ስለሚገባ ድረ ገጹ ይጨናነቃል።

ቴሌግራም ላይ ለማይጠፋ ሰው ደግሞ እዚያው ውስጥ ያለ ነገር ልጠቁም። የራሳችሁ «ሴቭድ መሴጅስ» ውስጥ ገብታችሁ ማስታወስ የምትፈልጉትን ጻፉ። ከዚያ መላኪያዋን ቀስት ጫን አድርጋችሁ ስትይዟት ማስታወሻ የሚሞላበት ቀንና ሰዓት ይመጣል። ቀኑ ሲደርስ መልእክቱ ራሱ ይመጣላችኋል። በአማርኛም ጻፉት፤ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የተለየ ኪቦርድ ሳያስፈልግ በዚያም መጻፍ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፤ ዳታ ከሌለ የቴሌግራሙ ማስታወሻ አይደርሳችሁም፤ የስልኩ ደወል ግን ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ይጮሃል። የማይቀር ጉዳይ ሲሆን በስልኩ ደወል ሙሉት።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለት ጉዳይ እንምጣ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙዎቻችን የካርድ መሙያ አድርገን ነበር ያየነው። ዛሬ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳም ገባ። የመብራት ሒሳብ፣ ነዳጅ፣ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ፣ ሁሉም በስልክ ሆኗል። የሶዶ ባጃጅ ሹፌሮች ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ከተባለ ወዲህ ሳይወዱ በግድ ተምረውታል። አዲስ አበባ ሠርቶ ገጠር ላለች እናቱ ብር የሚልክ የወላይታ ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ ጥቅሙን ያውቀዋል። ድሮ መንገደኛ ፈልጎ በሰው እጅ ነበር የሚልከው።

ግን እዚህም ላይ አፕ ብቻ አትበሉ። እናታችሁ በተን ስልክ ነው የያዘችው። ለእሷ *127# ብሎ መደወል ይበቃታል፤ ያለ ዳታ ይሠራል። ንግድ ባንክ ላላችሁ *889# አለ። ቦዲቲ ወይም ገሱባ ሆኖ ዳታው ሲጠፋ እናንተንም የሚያወጣችሁ ይሄ ነው። ከአረካ ወይም ከበሌ ተነስቶ ሒሳብ ለማየት ብቻ ሶዶ ድረስ መምጣትና ሰልፍ ላይ መቆም ግማሽ ቀን ይበላል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለእናትና ለአባት ማስተማር፣ ስማቸውን ሳይሆን ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ከአሥር አፕ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ፓስፖርት ማመልከቻው ኦንላይን ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት ይታያል። የሥራ ማስታወቂያው ሊንክ ነው። ስለዚህ ብዙ ወጣት ወደ ኢንተርኔት ቤት ይሄድና «ሙላልኝ» ይላል። ሞይው ኢሜይል ይከፍትለታል፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ ያወጣል፣ ፎርሙን ይልካል፣ ገንዘቡን ይቀበላል። ልጁ በሦስት ወሩ «ኢሜይልህ ላይ መልስ ልከናል» ሲባል ኢሜይሉን መክፈት አይችልም። የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ሞይውም ስንቱን ያስታውስ? ወይ ሥራ ቀይሯል፣ ወይ ቤቱ ተዘግቷል። ሞይዎቹን አልወቅስም፤ ለብዙ ሰው መንገድ የከፈቱ ናቸው። ጥፋቱ ያለው የራስን ቁልፍ ሰው ኪስ ውስጥ ትቶ መሄድ ላይ ነው።

አስተናጋጇም፣ ተማሪውም፣ ኮብልስቶን የሚያነጥፈውም ልጅ አንድ ኢሜይል የራሱ ይኑረው። በራሱ ስልክ፣ በራሱ ቁጥር ይክፈት። ሰው ቢረዳው እንኳ የይለፍ ቃሉን በራሱ ጣት ይጻፍ። የቴሌብር ፒንና በአጭር መልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ለጓደኛም፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚልም። አፕ ስታወርዱም ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ይሁን፤ ቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ የክፍያ አፕ አትጫኑ። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ደንበኛው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት ሳይሆን የራሳችሁን ሒሳብ ተመልከቱ። የትምህርት ማስረጃችሁንም በጉግል ድራይቭ ስካነር አንድ ጊዜ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ማመልከቻ በመጣ ቁጥር ለስካን መሮጥ ይቀራል።

የሚበላውንም ጊዜ ሳልናገር አላልፍም። አንድሮይድ ላይ «ዲጂታል ዌልቢንግ»፣ አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» የሚባል ነገር ሴቲንግ ውስጥ አለ። በቀን ስንት ሰዓት የትኛው አፕ ላይ እንደነበራችሁ ይነግራችኋል። ለቲክቶክ የቀን ገደብ መሙላትም ይቻላል። ገደቡን መልሶ ማንሳት ስለሚቻል ተአምር አይሠራም፤ ቁጥሩን በዓይን ማየት ግን ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ፓኬጁን የገዛችሁት በራሳችሁ ብር ነው፤ ምን ላይ እንዳለቀ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን የወጣቱ ሸክም ብቻ መሆን የለበትም። ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ከሌላ ዞን ሳይቀር ለጉዳይ የሚመጣባት ከተማ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲው፣ ቢሮዎቹ፣ ቀጣሪዎቹ ማስታወቂያቸውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። ከምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ስትጽፉ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ ወይም ከሌሊቱ የሚለውን ቃል አትርሱ። «እስከ 10:00» የሚል ማስታወቂያ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሁን ረፋድ 4 ሰዓት በምን ይታወቃል? አንድ መስመር መጨመር ምንም አያስወጣም። አንድ መስመር በመጉደሉ ግን ከሁምቦ ገጠር ብር ተበድሮ የመጣ ልጅ በተዘጋ በር ላይ ይደርሳል።

ዛሬ ማታ ፓኬጁ ሳያልቅ ሦስት ነገር ብቻ አድርጉ። የልደት ቀናችሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አጣርታችሁ ጻፉ። የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል እናንተ ራሳችሁ እንደምታውቁት ሞክሩ፤ ካላወቃችሁት አሁኑኑ ቀይሩ። ከዚያ እየመጣ ላለው አንድ ማመልከቻ ወይም ምዝገባ ስድስት ሰዓቷን አስባችሁ ደወል ሙሉ። ሌላውን አፕ ሁሉ ነገም ማውረድ ይቻላል።