የቅዳሜና የእሑድ ጉዞና የወጣቱ ኪስ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱና በየኮሌጁ ግቢ የሚሰማው ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መልኩን ለውጧል። ቀድሞ «ነገ የት እንቀመጥ?» ይባል ነበር፤ መልሱም ከታወቁት ቡና ቤቶች አንዱ ነበር። ዛሬ ግን «ነገ ወዴት እንውጣ?» የሚለው ወጣት በርክቷል። ጓደኛሞች በስልክ መልእክት ይጠራራሉ፤ መዋጮ ያዋጣሉ፤ አንድ ሚኒባስ ወይም አንድ መለስተኛ አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ስንቃቸውን ቋጥረው ጎሕ ሳይቀድ ከከተማ ይወጣሉ። ማታም አቧራ ለብሰው፣ ጉልበታቸው ዝሎ፣ ልባቸው ግን ረክቶ ይመለሳሉ።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ሽርሽር ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን ከሽርሽር ያለፈ ጉዳይ አለበት። አገሩን ለማየት የሚፈልግ፣ ነገር ግን ኪሱ የሳሳ ወጣት በጉብኝት ዕቅዳችን ውስጥ ቦታ አለውን? ቦታ ከሌለውስ የሚጎዳው እርሱ ብቻ ነውን? ዛሬ ለመመርመር የተነሣነው ይህንኑ ነው።

እስቲ አንድ መንገድ ለምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚያመራው መንገድ በአንድ ቀን ሦስት ታላላቅ ቦታዎችን ያሳያል። ኀምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተሄደ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታውን በ1963 ዠራር ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ ለሊቃውንት አሳወቀ፤ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ በፈረንሳዊው በዣን ሻቫዮን መሪነት ቁፋሮው ቀጠለ። ከዚያ የወጡት የድንጋይ መሣሪያዎች የሰው ልጅ በዚህ ደጋ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደ ኖረ ይመሰክራሉ። በ2024 መልካ ቁንጡሬ የባልጩት ድንጋይ መገኛ ከሆነው ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ጥቂት ዐልፎ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ሲሉ ደግሞ አዳዲ ማርያም አለች። ከአንድ አለት የተፈለፈለች፣ በትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጋር የምትያያዝ ቤተ ክርስቲያን ናት። ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን የማርያም ዕለት ምእመናን ይሰበሰቡባታል። ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ ተመልሶ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የጢያ ትክል ድንጋዮች ይደረሳል። በቦታው 36 ድንጋዮች ሲኖሩ 32ቱ የሰይፍና ሌላ ሌላም ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚህ ድንጋዮች የጥንት መቃብር ምልክቶች ሲሆኑ፣ የምልክቶቻቸው ፍች እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

በዚህ መንገድ አንድ ቅዳሜ ዐሥራ ሁለት ሆነን ሄደን ነበር። ከመካከላችን አንዱ በመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሶዶ ወረዳ ጉዳይ ደብዳቤ ሲያረቅ የኖረ ነው። ሶዶን በዓይኑ ያያት ግን ያን ዕለት ነበር። ጢያ ስንደርስ ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ከየት ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። «ከአዲስ አበባ ነን፣ አባባ» አልን። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው «ፈረንጁ ከባሕር ማዶ ድረስ ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ ግን መንገዱ ሳይርቅ አይቀርም» አሉን። ሁላችንም ሳቅን፤ ያ ደብዳቤ አርቃቂ ጓደኛችን ግን አልሳቀም።

የሽማግሌው ቀልድ የነገሩን ሥር ይነካል። በአገራችን ቱሪዝም በመንግሥት ደረጃ የተደራጀው በ1961 ነው። ያን ሥራ በመምራት ስማቸው የሚነሣው አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የዐሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ አውጥተው ኢትዮጵያን ለዓለም አስተዋወቁ። ታላቅ ሥራ ነበር። ዓላማው ግን የውጭ አገር እንግዳን መሳብና የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ስለ ነበረ ሆቴሉም፣ ማስታወቂያውም፣ ዋጋውም ለዚያው እንግዳ ተለካ። በ2016 መጠሪያው «ምድረ ቀደምት» ወደሚለው ሲለወጥም እንግዳው ያው ከባሕር ማዶ የሚጠበቀው ነበር። የአገር ውስጡ መንገደኛ እንደ ጎብኚ ሳይሆን ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለመሳለም እንደ ወጣ ሰው ብቻ ይቆጠር ነበር።

በዚህ አሳብ የሚገኘውን ጥቅም አንክድም። ነገር ግን የውጭ እንግዳ በመጀመሪያው የክፉ ወሬ ድምፅ የሚሰወር ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ፣ በዚያው ዓመትም በሰሜን ጦርነት ሲነሣ፣ የላሊበላና የአክሱም አስጎብኚዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ምን ያህል እንደ ተቸገሩ የምናስታውሰው ነው። አገሩን ለማየት የለመደ የራስ ሕዝብ ቢኖር ኖሮ መከራውን ሁሉ ባያስቀርም ሰላም የሰፈነበትን ቦታ ሁሉ ባዶ ባላስቀረው ነበር።

እርግጥ ነው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። የአንድነት ፓርክ በ2019፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2020 ተከፍተዋል። በ2020 የተጀመረው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት ታስቦ ነው። እነዚህን ቦታዎች ለማየት የሚጎርፈው ሕዝብ ወጣቱ ለአገሩ ፍላጎት የለውም የሚባለውን ሐሜት ያፈረሰ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከአዲሶቹ ማረፊያዎች ባንደኛው አንድ ሌሊት የማደሪያው ዋጋ የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ስንት እጅ እንደሚሆን ማስላቱን ለአንባቢ እንተወዋለን። በሐምሌ ወር 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነዳጁም ኪራዩም አብሮ ወጥቷል።

ታዲያ ወጣቱ እንዴት ይጓዛል? በመዋጮ ነው። የጉዞ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰው ቢያንስም ቢበዛም የማይለወጠው፣ ማለት የመኪናው ኪራይ፣ ነዳጁና የአስጎብኚው ዋጋ ነው። ሁለተኛው በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ምግቡና መግቢያው ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው በሚይዝ መኪና ስድስት ሰው ብቻ ቢሄድበት የእያንዳንዱ የኪራይ ድርሻ እጥፍ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እዚህ ላይ በሒሳብ ይረጋገጣል። ስለዚህም «እመጣለሁ» ብሎ ቅዳሜ ማለዳ ስልኩን የሚዘጋ ጓደኛ የቀረው ከጨዋታው ብቻ አይደለም፤ ከሌሎቹ ኪስ ገንዘብ ወስዷል።

መዋጮ ግን የማያሸንፈው አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም የሌሊት ማደሪያ ነው። መኪናውን ዐሥራ ሁለት ሰው ይካፈለዋል፤ አልጋ ግን በየሰው ነው። ስለዚህ የወጣቱን ጉዞ የሚወስነው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የፀሐይ መጥለቂያ ነው። በጠዋት ሄዶ ሳይመሽ ሊመለስበት የሚቻለውን ያህል ብቻ አገሩን ያውቃል። ደብረ ሊባኖስን፣ መናገሻ ሱባን፣ ቢሾፍቱን፣ ጢያን ያያል፤ በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዐ ምድር ግን ለእርሱ ፎቶግራፍ ሆነው ይቀራሉ። አገራችን ዛሬ ዐሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች አሏት። ከእኩዮቻችን መካከል ግማሹን እንኳ ያየ ቢገኝ ጉድ ያሰኛል።

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። በ1909 ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር ተማሪዎቹን በእግር ጉዞ ሲመራ ብርቱ ዝናብ ይዟቸው በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ ለማደር ተገደዱ። መምህሩም በዚያ ሌሊት አንድ ነገር አሰበ፤ በየመንደሩ ያለው ትምህርት ቤት በዕረፍት ጊዜ ባዶውን ነውና ለምን የተጓዥ ወጣቶች ማደሪያ አይሆንም? ከዚህ አሳብ በ1912 በአልቴና ቤተ መንግሥት የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ፤ ከዚያም አሳቡ በዓለም ተሰራጨ። ፈረንሳይ ደግሞ በ1936 ለሠራተኞቿ የዐሥራ አምስት ቀን የደመወዝ ዕረፍት በሕግ ስትሰጥ፣ የመዝናኛ ጉዳይ ኀላፊ የነበሩት ሌኦ ላግራንዥ በባቡር ዋጋ ላይ የአርባ በመቶ ቅናሽ ያለው ቲኬት አስወጡ። በዚያው ዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተጠቀመበት፤ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውም ብዙ ነበር። ነገሩን ያሳካው የቅንጦት ሆቴል ብዛት አልነበረም፤ ባዶ የነበረ ክፍልና ባዶ የነበረ ወንበር በርካሽ መከፈቱ ነው።

እኛስ? ባዶ ክፍል አለን። በየወረዳው የተሠሩት ትምህርት ቤቶች በክረምቱ ዕረፍት በራቸው ተቆልፎ ይቆማል። ሌሊቱን ጠባቂ አላቸው፤ ከብዙዎቹም የውሃ ቧንቧ አይጠፋም። ንብረት ይበላሻል የሚል ሥጋት ይነሣ ይሆናል፤ ተገቢ ሥጋት ነው። ነገር ግን ከተቋማቸው ደብዳቤ ለያዙ ተማሪዎችና ሠራተኞች ብቻ ቢፈቀድ፣ ጥቂት ብር ቢከፈልና ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ ቢውል፣ ቡድኑም ለጠፋው ሁሉ በጋራ ተጠያቂ ቢሆን፣ ከጉዳቱ ጥቅሙ ይበልጣል። ከ2018 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት በሚሰጠው የጅቡቲ ባቡር ላይም ለተማሪ ቅናሽ ቢታሰብ ድሬዳዋና ሐረር በቀረቡን ነበር።

ወጣቱን ወደ ገጠር መላክ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የያኔው ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1964 ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር መላክ ጀምሮ ነበር፤ ከ1974 መጨረሻ ወዲህም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ እጅግ ብዙ ተማሪዎች ዘምተዋል። ስለ ሁለቱ ብዙ የሚያከራክር ነገር አለ። ነገር ግን ከዚያ የተመለሰው ወጣት ገበሬውን በወሬ ሳይሆን በፊቱ ያውቀው ነበር። ያኔ በትእዛዝ የተደረገው ዛሬ በፈቃድና በደስታ ሊደረግ ይችላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ሰላም መሆኑን አንዘነጋም። የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም ከዚያ ወዲህ በሌሎች ቦታዎች በተነሡት ግጭቶች ምክንያት ዛሬ መንገዱን ሳይጠይቅ የሚነሣ አስተዋይ መንገደኛ የለም። ማንንም ወደ አደጋ ሂድ አንልም። ነገር ግን መንገዱ ክፍት በሆነበት ሁሉ አለመሄድ ራሱ ጉዳት አለው። ሰው የማያውቀውን ሰፈር ክፉ ወሬ ሁሉ ያምናል፤ ቡና የጠጣበትን ቤት ግን እንደዚያ በቀላሉ አይጠረጥርም።

ተጓዡ ወጣትም ከወቀሳ አያመልጥም። በገዳም ደጃፍ የሙዚቃ ማጉያ የሚከፍት፣ የገበሬውን ማሳ አቋርጦ ፎቶግራፍ የሚነሣ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን በሐይቅ ዳር ጥሎ የሚሄድ አይተናል። እንጀራውንም ውሃውንም ከአዲስ አበባ ጭኖ፣ በደረሰበት መንደር አንድ ብር ሳያወጣ የሚመለስም አለ። እንዲህ ያለው ጎብኚ ለባላገሩ የሚተወው ቆሻሻውን ብቻ ነው። በወንጪ የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ሆነው ፈረሳቸውን በተራ እያከራዩና መንገድ እየመሩ መጠቀም ከጀመሩ ቈይተዋል፤ መንደሪቱም በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ተቈጥራለች። ከስንቃችን ግማሹን ከከተማ፣ ግማሹን ከደረስንበት ብንገዛ ኪሳችን ብዙም አይጎዳም፤ የሚቀጥለው ቡድን ግን በመልካም ፊት ይጠበቃል።

የዛሬ ተማሪ ነገ ወረቀት ፈራሚ ነው። የዛሬ ጀማሪ ሠራተኛም ነገ መንገድ በዚህ ይውጣ፣ ጤና ጣቢያው በዚያ ይሠራ እያለ የሚወስን ነው። አገሩን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሹም ካርታው ላይ የሌለውን ሰው ይረሳል። መሥሪያ ቤቶችም አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥሩ ደብዳቤ የሚጻጻፉበትን ወረዳ አንድ ጊዜ ቢያሳዩት ብዙ የተሳሳተ ደብዳቤ ይቀንሳል።

ያ ጓደኛችን ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ከጠረጴዛው ላይ የቈየውን ስለ ሶዶ የሚናገር ረቂቅ እንደ ገና አነበበው። ከዚያም ቀደደውና ሌላ መጻፍ ጀመረ። የጉዞው ድርሻው አንድ የመኪና ወንበርና አንድ ምሳ ነበር።