ደካማ ማዕበል ይናቃልን?

በሕንድ ውቅያኖስ ወይም በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ደካማ የደመናና የነፋስ ክምችት መታየቱ ሲነገር፣ «ይህ ለመሰላ ገበሬ ምኑ ነው? ሳይጠነክር ይበተናል» የሚሉ አሉ። በእርግጥ አብዛኛው ይበተናል። ይሁን እንጂ የባሕሩ ገጽ እጅግ ከሞቀ፣ አየሩ እርጥበት ካልጎደለውና የላይኛው ነፋስ ደመናውን ካልበታተነው፣ ዛሬ የተናቀው ነገ ዐውሎ ነፋስ ሊሆን ይችላል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጋቲ የተባለው ማዕበል በግማሽ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ከደካማነት ወደ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተለውጦ ሶማሊያን መታ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ደግሞ ወደ የብስ ከወጣ በኋላ ነፋሱ ቢደክምም፣ ዝናቡ እስከ ሶማሌ ክልል ዘልቆ ጎርፍ አስከትሏል።

የጨርጨር ተራሮች ከባሕር የራቁ ስለሆኑ መሰላን የሚያሰጋት ነፋሱ ሳይሆን ዝናቡ ነው። በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ ታጭዶ የተከመረውን ማሽላ ያበሰብሳል፤ በግንቦትም በተዳፋት ላይ የበቀለውን ቡቃያ ከነአፈሩ ይጠርጋል።

ስለዚህ መደናገጥም መናቅም አይገባም። የአየር ጠባይ ዘገባን በየቀኑ መከታተል፣ ቦይ መጥረግና የታጨደውን ቶሎ መክተት ይበጃል። ማዕበሉ ቢበተን የተጠረገው ቦይ ለሚቀጥለው ዝናብ ያገለግላል፤ ቢጠነክር ግን አዝመራን ያድናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውም ለዚህ ነው።