ከኤሌክትሪኩ በፊት ሙቀቱ

በደቡብ ስዊድን የምትገኘው የቬክሾ ከተማ ሳንድቪክ የተባለውን ማመንጫዋን በ1980 እ.ኤ.አ. ከነዳጅ ዘይት ወደ እንጨት ፍርፋሪ አሸጋገረች። የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ የገፋው እርምጃ ነበር፤ በ1996 ደግሞ የከተማዋ ምክር ቤት ከቅሪተ አካል ነዳጅ ለመላቀቅ ወሰነ። ከዚህ ተሞክሮ «እንጨት ንጹሕ ኤሌክትሪክ ይሰጣል» የሚል ድምዳሜ ብቻ ይዞ መመለስ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ዋናውን ነገር መሳት ነው።

የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ቅርፊትና የእንጨት መሰንጠቂያ ተረፈ ምርት በቦይለር ውስጥ ሲነድ የሚፈጠረው ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ተርባይን ያሽከረክራል። ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያመነጭ ጣቢያ የእንፋሎቱን ቀሪ ሙቀት ወደ ወንዝ ወይም ወደ አየር ይለቀዋል፤ ከነዳጁ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠውም በአብዛኛው ከሲሶ ብዙም አያልፍም። በቬክሾ ግን ይኸው ቀሪ ሙቀት ውኃ ያሞቃል። ውኃው ከመሬት በታች በተቀበሩ፣ ሙቀት እንዳያባክኑ በተሸፈኑ ቧንቧዎች ተጉዞ በየሕንፃው ባለ የሙቀት መለዋወጫ ሙቀቱን ለክፍሎቹና ለመታጠቢያው ውኃ ያስረክባል፤ ከቤቱ ውኃ ጋር ሳይቀላቀልም ቀዝቅዞ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ከነዳጁ ኃይል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ጥቅም ላይ ይውላል። (የጭሱ እርጥበት ወደ ውኃ ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት ሲታከል ከ100 በመቶ የሚያልፍ አኃዝ በሪፖርት ላይ ሊታይ ይችላል፤ ተአምር የለበትም፣ ስሌቱ በታችኛው የቃጠሎ ዋጋ ስለተሠራ ነው።)

እንዲህ ባለ ማመንጫ የኤሌክትሪኩ መጠን ራሱ በሙቀት ፈላጊው ብዛት ይገደባል፤ በስዊድን ሞቃት ወራት የቤቶች ፍላጎት ሲቀንስ ተርባይኑም አብሮ ይዳከማል። ስለዚህ የሥርዓቱ ልብ ቧንቧውና በጫፉ ያለው ቤት ነው። አንድ ዛፍ ሲነድ የወጣውን ካርቦን አዲስ ዛፍ መልሶ ለመያዝ አሥርተ ዓመታት ሊፈጅበት ስለሚችል፣ ከነዳጁ ኃይል አብዛኛውን የሚያባክን ጣቢያ «ታዳሽ» በሚል ስም ብቻ ሊከበር አይገባውም።

አዲስ አበባ ቤቶቿን የሚያሞቅ የቧንቧ መረብ አያስፈልጋትም። መርሑ ግን ለስኳር ፋብሪካዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ባጋስ የሚባለውን የአገዳ ተረፈ ምርት አንድደው ኤሌክትሪክም፣ ጭማቂውን የሚያተንኑበት እንፋሎትም ያገኛሉ። በአገራችን አዲስ የባዮማስ ማመንጫ ሲታቀድ የአዋጭነት ጥናቱ ከሜጋ ዋቱ አስቀድሞ የሙቀቱን ተረካቢ በስም ሊጠቅስ ይገባል። በአቅራቢያው እንፋሎት የሚገዛ የጨርቃ ጨርቅ ወይም የቢራ ፋብሪካ ከሌለ፣ ገንዘቡ ለነፋስና ለፀሐይ ኃይል ቢውል እመርጣለሁ።