ሕፃን ሳይመዘን ማደንዘዣ አይሰጥ

ከደራ፣ ከእስቴ ወይም ከፋርጣ ገጠር ልጇን አቅፋ ሆስፒታል የምትደርስ እናት ካርድ ክፍል ላይ የልጁን ስምና ዕድሜ ትጠየቃለች። «አራት ዓመቱ ነው» ትላለች፤ ይጻፋል። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ፣ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ወይም አንጀቱ የተቋጠረ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥድፊያ ነው። በዚህ ጥድፊያ መካከል ልጁ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ኦፕራሲዮን ክፍል ሊገባ ይችላል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያም ክብደቱን ከዕድሜው ተነሥቶ ለመገመት ይገደዳል። አንበሳሜም ሆነ ደብረ ታቦር፣ ማንኛውም ሕፃን በዚያው ዕለት ሳይመዘንና ክብደቱ በካርዱ ላይ ሳይሰፍር ማደንዘዣ ሊሰጠው አይገባም ብለን እናምናለን።

ግምቱ የሚሠራው በቀላል ቀመር ነው፤ በዕድሜው ላይ 4 ይደመርና በ2 ይባዛል። ለአራት ዓመት ልጅ 16 ኪሎ ይሆናል። በደንብ ለበላና ላደገ ልጅ ቀመሩ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሠንጠረዥም ለአራት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት አድርጎ የያዘው 16 ኪሎ ከጥቂት ግራም ነው። የእኛ አካባቢ ልጆች ግን ብዙዎቹ እዚያ አይደርሱም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በዚያ ጊዜ ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው ነበር። 28 በመቶው ደግሞ ክብደታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ ነበር። በዚሁ መለኪያ ክብደቱ አነሰ የሚባለው የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ከ12.7 ኪሎ በታች የሆነው ነው። እንግዲህ 12 ኪሎ የሚመዝነውን ልጅ በቀመሩ 16 ኪሎ ነው ብሎ የገመተ ባለሙያ፣ መድኃኒቱን በሲሶ አብዝቶ ይሰጣል ማለት ነው።

ሲሶ መብዛቱ ምን ያመጣል ለሚል አንባቢ ቡፒቫኬይንን እንውሰድ። ቁስሉ አካባቢ ወይም ነርቭ አጠገብ የሚወጋ ማደንዘዣ ነው። ለልጅ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ2.5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ለ12 ኪሎው ልጅ ጣሪያው 30 ሚሊ ግራም ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ከሚይዘው ብልቃጥ ሲቀዳ 6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 16 ኪሎ ተብሎ ከተሰላ ግን 8 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ሲሪንጁ ላይ ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ይሁንና ይህ መድኃኒት መጠኑን ሲያልፍ ልብን የሚያውክ፣ አንዳንዴም የሚያቆም ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደሙ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አነስተኛ ስለሆነ መድኃኒቱን የሚይዝለት ነገር ይጎድለዋል፤ ያው መጠን እሱ ላይ ይከብዳል።

ኬታሚንም አለ። በወረዳ ሆስፒታሎች ብዙ ሥራ የሚሠራበት መድኃኒት ነው፤ የደም ግፊትን እምብዛም ስለማይጥል ባለሙያዎች ይመርጡታል። በብዛት የሚገኘው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 500 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለ12 ኪሎው ልጅ በደም ሥር የሚያስፈልገው በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ቢሆን እንኳ 24 ሚሊ ግራም ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሊትር አይሞላም። ለአዋቂ በተዘጋጀ ብልቃጥ ለሕፃን መድኃኒት መቅዳት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታያል። ባለሙያው መድኃኒቱን በውሃ አቅጥኖ፣ በትንሽ ሲሪንጅ፣ በትክክለኛ ቁጥር መሥራት አለበት። ቁጥሩ ግምት ከሆነ የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ በግምት ላይ የቆመ ነው።

ደምም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት እንዲጠየቁ ከሚያዛቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ሕፃኑ በኪሎ ከ7 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ሊፈስሰው ይችላል ወይ የሚል ነው። ለ12 ኪሎው ልጅ 84 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ክብደቱ ያልታወቀ ልጅ ፊት ይህን ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ መመለስ አይቻልም። ዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረግ ይሆናል፤ መልሱ ግን የለም።

የቀጭን ልጅ አደጋ በመድኃኒት መጠን አያበቃም። ስብ ስለሌለው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ በጉና ተራራ ሥር ባሉ ቀበሌዎችና በ2,700 ሜትር ከፍታ ግድም ባለችው ደብረ ታቦር ጠዋት ላይ ኦፕራሲዮን ክፍል ያለ ማሞቂያ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሠራበት ያውቀዋል። የበረደው ልጅ ከሰመመን ቶሎ አይነቃም፤ ደሙም ቶሎ አይረጋም። በዚህ ከፍታ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠረፍ አንፃር ከሩብ በላይ ስስ ነው፤ ልጅ ደግሞ በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ እጥፍ ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል። ትንፋሹ ለአፍታ ሲቋረጥ ያለው ፋታ አጭር ነው።

ረሃቡም አለ። «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትሰጪው» ተብላ የተነገራት እናት ቃሏን ትጠብቃለች። ተራው ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ልጁ ግማሽ ቀንና አንድ ሌሊት አልበላም። በጉበቱ ስኳር ያልተጠራቀመለት ልጅ በዚህ መካከል ስኳሩ ይወርዳል፤ ሰመመን ውስጥ ሆኖ ቢወርድበት ደግሞ የሚያሳይ ምልክት የለውም። የተለመደው የጾም መመሪያ ግልጽ ነው፤ ማደንዘዣው ሊሰጥ ስድስት ሰዓት እስኪቀረው ምግብ፣ አራት ሰዓት እስኪቀረው የእናት ጡት፣ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ንጹሕ ውሃ ይፈቀዳል። ይህ ለእናቲቱ በሰዓት ተቆጥሮ ሊነገራት ይገባል።

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር እየታየ ያለው ከልክ በላይ የወፈረ ልጅም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በሙሉ ክብደቱ ቢሰሉለት ይበዙበታል፤ በእንቅልፉ የሚያንኮራፋ ከሆነ ከሰመመን ሲነቃ የአየር መንገዱ የመዘጋት ዕድል አለው። እሱም መመዘን፣ ቁመቱም መለካት አለበት።

የሚቀርበውን መከራከሪያ እናውቀዋለን። ሚዛኑ ተበላሽቷል፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ሌሊትና ቀን ብቻውን ነው፤ ልጁ መቆም አይችልም። ድካሙ እውነት ነው። የማደንዘዣ ባለሙያዎች ያለ በቂ መሣሪያ የሚያድኑትን ሕይወት አንዘነጋም፤ ተጠያቂነቱን በእነሱ ጫንቃ ላይ የመጫን ሐሳብም የለንም። ነገር ግን መቆም የማይችለውን ልጅ እናቱ አቅፋው ትመዘናለች፤ ከዚያ ብቻዋን ትመዘናለች፤ ልዩነቱ የልጁ ክብደት ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሚዛን በብዙ ጤና ኬላዎች አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሕፃናትን የሚመዝኑበት ነው። ጤና ኬላ ላይ የሚገኝ ዕቃ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ የሚታጣበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

የጤና ሚኒስቴር ቀዶ ሕክምናን ደህንነቱ በተጠበቀ መንገድ ለማዳረስ የጀመረው ንቅናቄ ሕክምናው ወደ ወረዳ እንዲወርድ አድርጓል። ይህን እንደግፋለን። በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሕፃኑን ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር መላክ የማይቻልበት ቀን ስላለ የወረዳው ሆስፒታል መጠናከር ግዴታ ነው። ሕክምናው ወደ ወረዳ ሲወርድ ግን ጥንቃቄውም አብሮ መውረድ አለበት።

ስለዚህ የደቡብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ ቀዶ ሕክምና ለሚሰጡ ሆስፒታሎች ሁሉ አንድ ትእዛዝ እንዲያስተላልፍ እንጠይቃለን፦ የዕለቱ ክብደት ያልተጻፈበት የሕፃን ካርድ ኦፕራሲዮን ክፍል አይግባ። ሕይወቱ በደቂቃዎች ውስጥ የሚወሰን ከሆነና መመዘን ካልተቻለ፣ ግምት መሆኑ ተጽፎ መጠኑ ዝቅ ተደርጎ ይጀመር። ሊቆይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ ለምሳሌ ያልታነቀ ቡአ፣ ክንዱ ተለክቶ በምግብ እጥረት ክፉኛ መጎዳቱ የታወቀ ልጅ መጀመሪያ የምግብ ሕክምናውን ይጨርስ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የአኔስቴዢያ ትምህርት ክፍልም ወደ ወረዳዎች ወጥቶ ይህ መፈጸም አለመፈጸሙን እንዲያጠናና ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እንፈልጋለን።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ልጃችሁ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ሲል «ስንት ኪሎ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሐኪሙን መናቅም አይደለም። መልሱ ካልተነገራችሁ «ይመዘንልኝ» በሉ።